በዘበኛው ስም የተገኘው ፎልደር

በሚዛንና መለኪያ ቁጥጥር ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ወንጀል ተፈጽሟል ተብሎ ፖሊስ የተጠራው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሰው አልሞተም፤ መስኮት አልተሰበረም፤ አንዲት የኪሎ መመዘኛ ብረት እንኳ ከመደርደሪያዋ አልጎደለችም። ተገኘ የተባለው ነገር በዳይሬክተሩ ኮምፒውተር ላይ የሚታይ ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው «ይህን ፎልደር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «የፎልደሩ ባለቤት፦ ዘበኛ»።

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሃያ ሦስት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ደም የነካው ቢላም፣ ከሬሳ ጣት የወለቀ ቀለበትም አይታለች። ባለቤቱን «ማን ነህ?» የሚል ዕቃ ግን ገጥሟት አያውቅም።

«አዩልኝ አይደል?» አለ ዳይሬክተሩ፤ ክራቫቱ ሳይቀር በንዴት ተጣሟል። «በገዛ መሥሪያ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ፈቃድ የለዎትም እባላለሁ!»

«ውስጡ ምን አለ?»

«የድንገተኛ ፍተሻ ዝርዝር። ዓርብ ሚዛኑ የሚፈተሸው የማን ሱቅ እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁን በር ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ያውቃል። የሚስቱ ወንድም ደግሞ ሥጋ ሻጭ ነው!» ይህችን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ያላት እንደ መዶሻ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ እያሳረፋት ነው።

«ዘበኛው አሁን የት ነው?»

«ዘብ ቤቱ ውስጥ። ከሰኞ ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ፊት ንቅንቅ አላለም። ለምሳ እንኳ አይወጣም። ኢንስፔክተር፣ ንጹሕ ሰው ምሳውን ይበላል!»

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ኮማንደሩ ነበር። «የመንግሥት ምስጢር ነው አሉኝ» አላት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘበኛውን ይዘሽልኝ ና። በራሱ ስም ተገኝቷል አይደል? ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ጠርጥሪዋ!»

«መጠርጠርስ ጠርጥሬያለሁ። ማንን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።»

ዘብ ቤቱ ከአንድ ቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም። አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ እንግዳ የሚመዘገብበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ዘበኛው ሽበቱን አሳጥሮ የተከረከመ፣ የዩኒፎርሙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የቆለፈ ሽማግሌ ነው። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ብድግ አለ፤ ጀርባውን ግን ከስክሪኑ አላነሳም።

«አባት፣ የዳይሬክተሩ ፎልደር እርስዎ ጋ ነው?»

«አዎ፣ እኔ ጋ ነው።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን ለመክፈት እንኳ ጊዜ አላገኘችም። «ማን ሰጠዎት?»

«አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ስገባ አገኘሁት።»

«አንብበውታል?»

ሽማግሌው አገጩን ቀና አደረገ። «ላዩ ላይ ምስጢር ይላል። ስለ ምስጢር ደግሞ ለማንም አልናገርም።»

«እኔ እኮ ፖሊስ ነኝ።»

«ለፖሊስም።»

«አባት፣ በዚህ አያያዝዎ እኮ ራስዎን በገመድ እያሰሩ ነው።»

«ልጄ፣ ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ በር ላይ ቆሜያለሁ። ጡረታ ልወጣ የቀረኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ክስ ካለብኝ ወረቀቴ አይፈረምም፤ ይህን ጸሐፊዋ ነግራኛለች።» የአንገቱን ቁልፍ ዳግም አስተካከለ። «ቢሆንም አልናገርም።»

ኢንስፔክተሯ በልቧ፣ እንዲህ ያለ ሌባ ካለ ሌብነት ተሻሽሏል ማለት ነው አለች። ወንጀለኛ ይክዳል፣ ይምላል፣ የሞተች እናቱን ይጠራል። ይህ ሰውዬ «እኔ ጋ ነው» ብሎ አፉን ዘጋ።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ፓኬት ብስኩት እየበላች መጣች። ቅዳሜ የመሥሪያ ቤቱን ፋይሎች በሙሉ ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ያዛወረችው እሷ ናት።

«አዲሱን ማሽን አሳዪኝ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«የለም።»

«ተሰረቀ?»

«ድሮም አልነበረም። ቨርችዋል ማሽን ነው።» የኢንስፔክተሯን ቅንድብ አየችና ፓኬቱን አስቀመጠች። «እንዲህ አስቢው እትዬ። አንድ ትልቅ ቤት አለ። አከራዩ በኮምፔንሳቶ ይከፋፍለውና ለስድስት ሰው ያከራያል። እያንዳንዱ ተከራይ በሩን ዘግቶ ቤቴ ይላል። እውነተኛው ማሽን ትልቁ ቤት ነው። የእናንተ ማሽን ከተከፋፈሉት ክፍሎች አንዱ ነው፤ ራሱን ግን ሙሉ ቤት ይመስለዋል።»

«እንደኛ ዳይሬክተር» አለች ጸሐፊዋ ከወዲያ ጠረጴዛ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለችው።

«ሙያውን ማን አስተማረሽ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ስህተት። ትምህርት ቤትም ከፍዬ አላውቅም፤ ስህተት በነፃ ነው የሚያስተምረው።»

«ታዲያ ይህ የማን ስህተት ነው?»

ባለሙያዋ ፊቷ ጠቆር አለ። «እኔ ያዛወርኩት ሳይጎድል ሳይሰበር ነው። ሰኞ ጸሐፊዋ ደውላ ፈቃድ የለሽም አለኝ ስትለኝ አጥፍተሽ አብሪው አልኳት። የሙያችን የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ድጋሚ አጥፍቶ ማብራት። ዛሬ ላስተካክል ብመጣ ደግሞ ክቡር ዳይሬክተሩ ማስረጃ ነው አትንኪ አሉኝ።»

«እጅሽን ሰብስቢና በዓይንሽ ብቻ እዪልኝ። በማሽኑ የሚጠቀሙት ስንት ናቸው?»

«አምስት። ዳይሬክተሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ሚዛን መርማሪው፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬና ዘበኛው።»

ኢንስፔክተሯ የዳይሬክተሩንና የዘበኛውን ቃል ተቀብላለች። ሦስቱ ቀሯት።

ጸሐፊዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። የእሷም ፎልደር ከሰኞ ጀምሮ አልከፈትም ብሏታል።

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«ያው... ጠረጴዛ ሳጸዳ።»

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛውን በጣቷ ነካ አድርጋ አቧራውን አየች። «ስለ ንብረት ክፍሉ ሰውዬ የሚያውቁት ነገር አለ?»

«እሱ ምስኪን! ከእንደዚያች አማት ጋር እየኖረ እስካሁን አለማበዱ! ከቤቴ ይውጡልኝ ብሎ አሥራ አራት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ አንዱን እንኳ ደፍሮ አልሰጣት።»

«ይህን እሱ ነው የነገረዎት?»

ጸሐፊዋ ቀላች። «እኔ... ሲወራ ሰምቼ ነው።»

«አሥራ አራት መሆኑም ይወራል?»

ጸሐፊዋ ድንገት ስልክ የጮኸ መሰላት።

ንብረት ክፍሉ ከመመዘኛ ብረቶቹ መሀል ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ ተገኘ። የእሱም ፎልደር ተዘግቶበታል፤ ነገር ግን ሰው ፎልደሩ ተዘጋበት ብሎ አያለቅስም።

«አቧራ ነው» አለ።

«አቧራው ሁለቱንም ዓይንዎን እኩል መታ?»

ሰውዬው ከዚህ በላይ መቋቋም አልቻለም። «ኢንስፔክተር፣ እርስዎም ሴት ነዎትና ይፍረዱ! ሰው ቃሉን ጠብቆ፣ በዝናብ፣ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥቶ እየጠበቃት፣ ሌላውን ታገባለች?»

«ማን?»

«እ... አንዲት ዘመዴ።»

«ሠርጉ መቼ ነው?»

«ገና አልደረስኩበትም» አለና ምላሱን ነከሰ።

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ «የዘመዱ ሠርግ፣ ገና አልደረሰበትም» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

ሦስተኛው ሚዛን መርማሪው ነበር። ሁሉም «ግራም» ይሉታል፤ የሻይ ስኳሩን ሳይቀር መዝኖ የሚጨምር ሰው ነው።

«የእርስዎ ፎልደርስ?»

«የእኔ? ምን ሆነ? ይከፈታል።»

ኢንስፔክተሯ ቀና አለች። «ይከፈታል?»

«እንደ ወትሮው።»

«የአራት ሰው ፎልደር ተናግቶ የእርስዎ ብቻ ደህና ነው?»

ግራም የተባለው ሰው አንገቱን ሰበር አደረገ። «እሱ ነው ጥፋቴ? ባለመቸገሬ ልከሰስ?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ሲዘረፍ የአንዱ ቤት ብቻ ከተረፈ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ለእሱ ነው።»

«ይጠይቁ! እኔ የማውቀው ሚዛን ብቻ ነው። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሆስፒታል ነበርኩ፤ እሑድም፣ ሰኞ እስከ ረፋድ ድረስም።» ሆስፒታሉ ሲደወልለት አረጋገጠ። ነርሷ እንዲያውም፣ የክፍሉን ሚዛን ሁለት ግራም ይሳሳታል ብሎ ያስቀየረን ሰውዬ አይደለም እንዴ ስትል ጠየቀች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተሯ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። ባንኮኒው ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ሚዛን ተቀምጧል፤ መሸፈኛ ላስቲኩ እንኳ ገና አልተላጠም።

«መቼ ገዙት?»

«ትናንት» አለ የዘበኛው ሚስት ወንድም፣ ቢላውን እየሳለ።

«ዓርብ ፍተሻ እንዳለ ማን ነገረዎት?»

«ፍተሻ አለ እንዴ? ይምጡ! እንኳን ደህና መጡ! ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበሩ? ያ አሮጌው ለገበያተኛው በየኪሎው ሃምሳ ግራም ሲመርቅብኝ ኖሯል! ሰፈሩ ሁሉ ስለሚወደኝ የእኔ ሥጋ ጣፋጭ መስሎኝ ነበር።»

«አማችዎ ስለ ፍተሻው ምንም አላሉዎትም?»

«እሱ? እሱ እኮ ሚስቱን እንኳ እንዴት ዋልክ ስትለው የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው የሚል ሰው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ተስፋዋም ሆዷም ባዶ ሆኖ ተመለሰች። ሰባት ሰዓት ከሩብ። ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

«እስካሁን አላሰሩትም? ኢንስፔክተር፣ ይህ ሰው ሰላይ ነው! ‹ዳይሬክተሩ አምስት ሰዓት ገቡ፤ ዓይናቸው አብጧል› ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል?»

«የት ነው የጻፈው?»

ዳይሬክተሩ ክራቫቱን ላላ አደረገ። «በ... በጠቅላላው የሰውዬውን ጠባይ ለማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠችና ጫማዋን ለቀቅ አደረገች። ሦስቱም ፎልደሬ ተዘጋ ይላሉ። ሦስቱም ግን ሊያውቁት የማይገባውን ነገር ያውቃሉ። ጸሐፊዋ የንብረት ክፍሉን አማት። ዳይሬክተሩ የዘበኛውን ማስታወሻ። ንብረት ክፍሉ ደግሞ ጣቢያ ላይ በዝናብ የቆመውን ሰውዬ። ያ ሰውዬ የማን ነው?

«ጸሐፊዋ!» ብላ ተጣራች። «ልብ ወለድ ይጽፋሉ?»

ከወዲያ በኩል ኩባያ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ።

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ አምስት ስም ከላይ ወደታች ጻፈችና መስመር አሰመረች። ዳይሬክተሩ ከዘበኛው ጋር ተለዋወጠ። ጸሐፊዋ ከንብረት ክፍሉ ጋር። ግራም መሀል ላይ ብቻውን ቀረ። እስክሪብቶዋን በሁለት ጣት መሀሉ ላይ ይዛ አዞረችው። ላይ የነበረው ጫፍ ታች ወረደ፣ ታች የነበረው ወጣ። የያዘችበት መሀል ግን እዚያው ነው።

«አንቺ ልጅ! ነዪ!» ባለሙያዋ በብስኩት አፏን ሞልታ ሮጠች። «እዚህ ማሽን ውስጥ የተገለበጠ ነገር አለ። እንደ ዱላ መሀሉን ይዘው ያዞሩት ዝርዝር። ምንድን ነው?»

ባለሙያዋ የአምስቱን ስም አየች። ማኘኳን አቆመች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ ጥፊ አለችው። «ቁጥር! እትዬ፣ ቁጥር ነው! ማሽን ሰውን በስም አያውቅም። መጀመሪያ የተመዘገበውን አንድ፣ ቀጥሎ የመጣውን ሁለት ይለዋል። ፎልደሩ ላይም የሚጽፈው ቁጥሩን ነው፤ ስሙን ለእኛ ሲል ነው የሚያሳየን። እኔ ፎልደሮቹን ከነቁጥራቸው አዛወርኩ። ሰዎቹን ግን በሌላ ተራ ከመዘገብኳቸው...»

«የአምስተኛው ሰው ዕቃ ለአዲሱ አምስተኛ ይሆናል።»

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች ባለሙያዋ፤ እንዲህ ማለት እንደማትወድ ከፊቷ ይታያል። «ቁጥሮቹን ማመሳከር ነበረብኝ። ግን የስም ዝርዝሩን ከዚሁ ነው የሰጡኝ።»

ጸሐፊዋ ተጠርታ የስብርባሪ መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣች። የዛሬ ስድስት ዓመት አሮጌውን ማሽን ያስጀመረው የቀድሞው ባለሙያ ስሞቹን ከየት አመጣ? ኮሪደሩ ላይ ከሚሰቀለው የፊርማ ወረቀት ነው የገለበጠው፤ ሰው በገባበት ተራ የሚፈርምበት። ዘበኛው አንደኛ። ንብረት ክፍሉ ሁለተኛ። ግራም በትክክል ሦስተኛ። እሷ አራተኛ። ዳይሬክተሩ፣ ሲመጡ፣ አምስተኛ።

«አዲሱስ ዝርዝር?»

«ባለፈው ዓርብ ክቡር ዳይሬክተሩ አሮጌውን አዩና ‹እኔ ከዘበኛ ሥር? በማዕረግ ቅደም ተከተል አስተካክዪው!› አሉኝ። አስተካከልኩ።»

ኢንስፔክተሯ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ያዘቻቸው። በዚህ መሥሪያ ቤት ወንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር መግቢያ ሰዓቱ ይዘገያል፤ ስለዚህ የማዕረጉ ዝርዝር የፊርማው ዝርዝር ግልባጭ ነው፤ አንዲት ስንዝር ሳይዛነፍ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ዘብ ቤቱ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው፤ ዘበኛው ከስክሪኑ አልነሳም ስላለ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ነገሩን አስረዳች። ዳይሬክተሩ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ።

«እንግዲያው ወንጀል የለም ማለት ነው! የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ለዘበኛው ይቅርታ አድርጌለታለሁ። ወደ ሥራችን እንመለስ።»

«ይቆዩ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ማሽኑ ማን ምን እንደከፈተ ይመዘግባል ተብያለሁ። አንብቢልን።»

ባለሙያዋ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች። «ጸሐፊዋ፣ የንብረት ክፍሉን ፎልደር፣ ሰላሳ አንድ ጊዜ።»

«ሰላሳ አንድ!» አለ ንብረት ክፍሉ።

«ንብረት ክፍሉ፣ የጸሐፊዋን ልብ ወለድ፣ አርባ ስድስት ጊዜ።»

«አንተ ጉደኛ!» ብላ ጸሐፊዋ መጥረጊያዋን አነሳች፤ ወዲያው ግን ዝቅ አድርጋ «ወደድከው?» አለችው።

«ዳይሬክተሩ የዘበኛውን የበር መዝገብ፣ ሃያ ጊዜ። ትናንት አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ደግሞ አርመውታል።»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አስተካክላ መዝገቡን ጮክ ብላ አነበበች። «ያለፈው ሳምንት ሰኞ፦ በር ተከፈተ፣ ሁለት ሰዓት። ዳይሬክተሩ ገቡ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ማክሰኞ፦ በር ተከፈተ፣ ሁለት ሰዓት። ዳይሬክተሩ ገቡ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ያለፈው ወር በሙሉ እንዲሁ ነው።» ቀና አለች። «ክቡር ዳይሬክተር፣ በሩ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ነው። እርስዎ በየት በኩል ገቡ?»

ግራም ሳቁን ለማፈን አጥሩን መለካት ጀመረ። «ሁለት ሜትር ከአርባ» አለ በሹክሹክታ። «በዚያ ዕድሜ የሚደነቅ ነው።»

የዳይሬክተሩ ጆሮ በርበሬ መሰለ። አሁን ነገሩ ሁሉ ገጠመ። መዝገቡን አገኘ፣ የገዛ መዘግየቱን አነበበ፣ በገዛ እጁ አረመው። የቀረው እውነተኛውን ሰዓት የሚያስታውሰውን ሽማግሌ ከአሥራ ዘጠኝ ቀኑ በፊት በካቴና ማስወጣት ነበር።

«ዘበኛውስ?» አለ ዳይሬክተሩ፣ የመጨረሻ ገለባ እንደሚጨብጥ ሰው። «የእኔን ምስጢር ስንት ጊዜ አነበበ?»

ባለሙያዋ ፈለገች። መልሳ ፈለገች። «አንድ ጊዜ። ሰኞ ጠዋት፣ ለስድስት ሰከንድ። ውስጡ ካሉት ፋይሎች ግን አንዱም አልተከፈተም።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ምስጢር የሚል አየሁና ዘጋሁት» አለ። «ማን እንዳስቀመጠው አላወቅኩም፤ ግን እኔ ጋ ተቀምጧል። ሰው አንድ ነገር ዘበኛ ጋ ካስቀመጠ አደራ ነው። እኔ ምሳ ስወጣ ሌላ ሰው ቢከፍተውስ?»

ጸሐፊዋም ንብረት ክፍሉም የጫማቸውን ጫፍ አዩ።

ኢንስፔክተሯ ለኮማንደሩ ደወለች። «ዘበኛውን አላመጣውም። በምትኩ መዝገብ ስለመደለዝና በሐሰት ስለመክሰስ ቃላቸውን የሚሰጡ አንድ ትልቅ ሰው አሉኝ። አዎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳሉ። አይ፣ እኔው ነኝ የማመጣቸው፤ ብቻቸውን ከሆኑማ ነገም አይደርሱ።»

«በሉ እንግዲህ ላስተካክለው» አለች ባለሙያዋ እጆቿን እያፋተገች። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሁሉም ወደየባለቤቱ ይሄዳል።»

«ነገ ብታደርጊውስ?» አለ ንብረት ክፍሉ በልመና። «ሁለት ምዕራፍ ነው የቀረኝ።»

«ቆይ!» አለ ዘበኛው። ሁለቱን እጁን ኪቦርዱ ላይ ዘረጋ። «እጅሽን ሰብስቢ፣ ልጄ። ያለ ርክክብ ዕቃ ከዚህ አይወጣም።»

«አባቴ፣ ፎልደር እኮ ነው። ዕቃ አይደለም።»

«ሌባ የተባልኩበት ዕቃ ነው።» ከመሳቢያው ነጭ ወረቀት አውጥቶ ዳይሬክተሩ ፊት አስቀመጠ፤ እስክሪብቶውን ከላዩ አጋደመው። «ይጻፉ። ‹እኔ ዳይሬክተሩ፣ ፎልደሬን ከዘበኛው እጅ፣ ሳይነበብና ሳይጎድል፣ በሙሉ ጤንነቱ ተረክቤያለሁ። በሰውዬው ላይ ያቀረብኩትን ክስ አንስቻለሁ። የጡረታ ወረቀቱም ይፈረምለት።›»

ዳይሬክተሩ ኢንስፔክተሯን አየ። ኢንስፔክተሯ ሰማዩን አየች። ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። ወረቀቱን ሊያቀብል እጁን ሲዘረጋ ሽማግሌው አልተቀበለውም።

«ሰዓቱንም» አለ።

ዳይሬክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን ተመለከተ፤ እስክሪብቶውንም ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«ትክክለኛውን» አለ ዘበኛው።